ዞር በይ የተባለች ሴት

ካሜራ የያዘ ሰው ሳይ ዛሬም እጄ ድንጋይ ይፈልጋል። ሃምሳን የተጠጋሁ፣ ዕድሜዬን ጠመኔ ጨብጬ የኖርኩ አስተማሪ ነኝ፤ ነውር መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ግን ያ ጥቁር መስታወት ወደ እኔ ሲዞር በደቡብ ኦሞ፣ ካኮ ገበያ ላይ እናቷ አጠገብ የቆመችው ልጅ እሆናለሁ። ካኮ የሚቆመው ሰኞ ነው። መንግሥት በተለወጠ ማግስት፣ ዓመቱን እንኳ በቅጡ አላስታውሰውም፣ ነጫጭ ላንድክሩዘሮች አቧራ እያስነሱ መምጣት ጀመሩ። ፈረንጆቹ ከመውረዳቸው በፊት አስጎብኚው ዘሎ ይወርድና ጨሌ ያጠለቁትን፣ ጸጉራቸውን በቀይ ጭቃና በቅቤ ያሹትን የበና ሴቶች ፊት ለፊት ያሰልፋል። አንድ ፎቶ አንድ ብር ነበር፤ በአንድ ብር ያኔ እጅ ሙሉ ሙዝ ተገዝቶ ሳንቲም ይመለሳል። እናቴ ማሰሮዎቿን ደርድራ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ጨሌ የላት፣ ቆዳ አልለበሰች፤ አበባው የደበዘዘ የሳልባጅ ቀሚስ፣ እግሯ ላይ ኮንጎ ጫማ። አስጎብኚው በእጁ ጀርባ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው «አንቺ፣ ዞር በይ! ፎቶውን አታበላሺ» ይላታል። እሷም ማሰሮዎቿን አንድ ባንድ አንስታ ዞር ትላለች። ደርድራ ሳትጨርስ ሌላ መኪና ይመጣል። አንድ ሰኞ ድንጋይ አንስቼ ወረወርኩ፤ ያገኘሁት የመኪናውን ጎማ ብቻ ነው። በጥፊ ያጮለችኝ ደግሞ እናቴ ራሷ ናት፤ እዚያ ገበያ ተመልሳ መሸጥ ነበረባታ።

ከዚያ ወዲህ ካኮም ቀይ አፈርም ጂንካም ተለዋውጠዋል፤ የእኔ ንዴት ብቻ ባለበት አለ። የዛሬዋን ጂንካ የሚያውቅ ልጅ፣ አውሮፕላን ያርፍ የነበረው ከተማው መሀል ሣር ሜዳ ላይ ነው ብለው አያምንም። ላም የሚግጥበት፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት፣ እኛ ወደ ገበያ የምናቋርጥበት ሜዳ ነው። አውሮፕላን ሲመጣ ሳይረን ይነፋል፤ ላሙም ልጁም ይባረራል፤ ካረፈ በኋላ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ከሜዳው ማዶ የነበረ አንድ ቡና ቤት ቴፑን ወደ መንገድ አዙሮ ቀኑን ሙሉ አንድ ካሴት ይደጋግማል። ባትሪው ሲደክም ዘፋኙ ቃሉን እየጎተተ ያለቅሳል፤ የሚያጠፋው ግን የለም። እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ጥግ ትሸጥ ነበር። ከመሀል አገር መጥተው ሱቅ የከፈቱት ነጋዴዎች የእኛን አገር ነገር ስለማያውቁ መጀመሪያ ላይ እጇን ይጨብጧታል፣ ሻይ በብርጭቆ ይሰጧታል። እሷም እየሳቀች ትጠጣለች፤ ያን ሳቋን ሌላ ቦታ አላየሁትም። ዓመት ሳይሞላቸው ግን ከአገሬው ይማራሉ። መጀመሪያ ሻዩ ይቀራል፣ ቀጥሎ መጨበጡ ይቀራል፣ በመጨረሻ ከሩቅ ጭንቅላት መነቅነቅ ብቻ ይሆናል። ዛሬ እዚያ ጥግ ሞባይል ይሸጣል፤ ባጃጅ ተኮልኩሎ ይውላል፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጆሯቸው ላይ ሽቦ ሰክተው ያልፋሉ። ከተማዋ አማረች ይሉኛል። ይሁን፣ አማረች።

ነጋዴዎቹ የተማሩት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። እኛ አሪ ነን፤ በአሪ ውስጥ ደግሞ ሸክላ የሚሠሩት ወገኖች ማና ይባላሉ። ገበሬው ከማና ጋር አይጋባም፣ አብሮ አይበላም፣ በአንድ ቅል አይጠጣም፣ ቤቱም አያስገባውም። የሚያስቀው ነገር፣ ያ ገበሬ ገንፎውን የሚያገነፋው፣ ጎመኑን የሚቀቅለው እናቴ ጭቃውን በእግሯ ረግጣ፣ በጣቷ አለስልሳ በሠራችው ድስት ነው። ልጅ ሆኜ ይህን ጠይቄአለሁ። «ድስቱን እሳት ያነጻዋል» አሉኝ። እናቴንስ ምን ያነጻታል ስል ሳቁብኝ። ዛሬ ከተማ ውስጥ ማንም ማንንም አይጠይቅም፤ አስተማሪ ስሆን ማንም ዘሬን አላየም። ዳገቱ ላይ ለቅሶ ስደርስ ግን እስከ ዛሬ ንፍሮው ለእኔ በሌላ ሰሃን ይመጣል። ስለዚህ ድሮ ቀረ የሚለኝ ሰው ባያናግረኝ ይሻለዋል።

ባለፈው በጋ የወንድሜ ልጅ ሊዲያ ከአዲስ አበባ መጣች። ወንድሜ ከሞተ ቆይቷል። ያገባው የሌላ አገር ሴት ስለነበረ ልጅቷ አሪኛ አትሰማም፤ ማና ምን እንደሆነ እንኳ ያወቀችው ዩኒቨርሲቲ ገብታ ነው። አውቃም ዝም አላለችም፣ ፊልም መሥራት ተማረችበት። ሳሎኔን በሽቦና በመብራት ሞላችው፤ ሦስት እግር ያለውን ማቆሚያ ምንጣፌ ላይ ተከለችው፤ ካሜራውን አፌ ላይ ደገነችው።

«አክስቴ፣ የቤተሰባችንን ታሪክ ነው የምሠራው። አንቺ ደግሞ ዋናዋ ነሽ። ዝም ብለሽ ልጅነትሽን አውሪኝ። ሽታውን፣ ድምፁን...»

«ሽታውንም ትፈልጊያለሽ?»

«በጣም! እንደዚያ ዓይነት ዲቴል ነው ፊልሙን የሚያደምቀው።»

«የፍየል በረት ይሸታል» አልኳት። «ደጅ ለሚቀመጥ ሰው የሚቀርበው እሱ ነው።»

ደስ ብሏት እጇን አጨበጨበች። «ይሄ መክፈቻ ይሆናል» አለች። እንዲህ ነው እንግዲህ፤ እኔ ስቃጠል እሷ መብራት ታስተካክላለች።

እንቢ ማለት ነበረብኝ። ወንድሜ ግን ከዚህች ልጅ ሌላ አልተወም፤ እኔም አልወለድኩም። እኔ ስሞት እናቴን የሚያውቅ ሰው አይኖርም፤ የሚቀረው ይኸው የሷ ፊልም ነው። ስለዚህ ለአንድ ነገር ብዬ እሺ አልኩ፤ እሱንም ከመጀመሪያው ነገርኳት። «እናቴ የእነ በላይነሽን ደፍ ሳትረግጥ ነው የሞተችው። ያ ይነገር። ያ ከተነገረ ሌላውን እንደፈለግሽ አድርጊው። ካልተነገረ ግን እናቴን ከፊልምሽ ውስጥ አውጪልኝ።» ሊዲያ በአባቷ አጥንት ማለችልኝ።

በላይነሽ የምላት፣ ዛሬ አገሩ ሁሉ እማማ በላይነሽ የሚላት፣ ከከተማው በላይ ዳገቱ ላይ ቤቷን እንሰት የከበበው የገበሬ ሚስት ናት። አሁንም በሕይወት አለች፤ ሰማንያን ሳትጠጋ አልቀረችም። ጎልማሳነቷን በሙሉ ማሰሮ የገዛችው ከእናቴ ነው። ዳገቱን ወጥተን አጥሩ ጋ ቆመን እንጣራለን። ስትወጣ እናቴ ማሰሮውን መሬት ላይ ታስቀምጥና ወደ ኋላ ትላለች፤ ከእጅ ወደ እጅ አይሰጥማ። ሴትየዋ ታነሳዋለች፣ በጣቷ ታንኳኳዋለች፣ ድምፁን ታዳምጣለች፣ ሁልጊዜም ተሰንጥቋል ትላለች። ዋጋው በቆሎ ነው፤ ማሰሮው የሚይዘውን ያህል። ለእኛ ሲሰፈር በቆሎው ማሰሮው አንገት ጋ ይቆማል፤ አፉ ድረስ ሞልቶ አይቼ አላውቅም። ውሃ ስንጠይቅ በኮባ ቅጠል ላይ ይፈስልናል፤ ጠጥተን ቅጠሉን እንጥላለን። አንድ ቀን ገና አጥሩ ጋ እንደደረስን ዝናቡ ወረደ፤ ያ የዳገቱ ዝናብ፣ ሰውን ወደ መሬት የሚተክለው። ሴትየዋ በሩ ላይ ቆማ አየችን። ዐይን ለዐይን ተያየን። ከዚያ ወጣችና ከበረቱ አጠገብ ታስራ የነበረችውን ፍየል ፈትታ፣ በገመዷ ጎትታ ወደ ቤት አስገባቻት። በሩንም ዘጋችው። እናቴ አንዱን ማሰሮ አንስታ ጭንቅላቴ ላይ ደፋችልኝ፤ እሷ እንዲሁ ቆመች። ውስጡ ሆኜ ዝናቡ ሸክላውን ሲመታው እሰማለሁ። ያቺን ሴት ያን ቀን ጠላኋት፤ ፍየሏንም ጠላኋት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። የወጋውም የሚረሳ አይመስለኝም፤ ሲመቸው ነው የሚረሳው።

ይህን ሁሉ ለሊዲያ ነገርኳት። አለቀሰች፤ ካሜራው ግን አላለቀሰም፣ ቀረጸ። ከዚያ የእናቴ ፎቶ ጠፋ። ጠፋ ስል መቼ ነበረና፤ ዞር በይ ስትባል የኖረችን ሴት ማን ፎቶ ያነሳታል? ሊዲያ ታዲያ እናቴን የምትመስል ወጣት ፈልጋ ልትቀርጽ ተነሳች። ሰኞ ካኮ ነይ ብላኝ ሄድኩ። ያ ገበያ፣ ያ አቧራ፣ ያ ቦታ። በተደረደሩ ማሰሮዎች መሀል ቁርበት የለበሰች፣ አንገቷ በጨሌ የተጠመጠመ፣ ጸጉሯ በቀይ ጭቃ የታሸ አንዲት ቆንጆ ተቀምጣለች።

«ይቺ ማን ናት?»

«አያቴ!» አለች ሊዲያ። «ወጣት ሳለች።»

«የበና ሙሽራ ነው ያስቀመጥሽው። እናቴ ሳልባጅ ነው የለበሰችው። ኮንጎ ጫማ ነው ያደረገችው። አልነገርኩሽም?»

«ነግረሽኛል አክስቴ። ግን ሰው ሲያየው ወዲያው ደቡብ ኦሞ መሆኑ መታወቅ አለበት። በሳልባጅ ቀሚስ የትም ሊሆን ይችላል።»

ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ፣ እዚያው ገበያ ላይ፣ እናቴን ፎቶ ታበላሻለሽ ያለቻት የገዛ ልጇ ልጅ ሆነች። የምለው ጠፋኝ፤ ስድብ ግን አልጠፋኝም። ገበያተኛው ዞሮ እስኪያየን ድረስ ጮኽኩባት። ከሳልባጁ ክምር አበባ ያለበት ቀሚስ መርጬ ገዛሁ። ያኔ በሁለት በሦስት ብር የሚገኘውን ዛሬ ሻጩ በመቶ ጠራው፤ ሳልከራከር ከፈልኩና ልጅቷን አለበስኳት። ለተረፈው ቀን ሊዲያ አኩርፋ ቀረጸች። በዚህ አሸነፍኩ ብዬ ነበር።

ከሳምንት በኋላ ላፕቶፗን ከፍታ «አንድ ሰርፕራይዝ አለኝ» አለችኝ። ለእኔ ሳትነግር ዳገቱን ወጥታ በላይነሽን ቀርጻለች። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! አሮጊቷ ነጠላዋን አጣፍታ፣ የእንሰቱ ቅጠል ከኋላዋ እየተወዛወዘ፣ በዚያ ቆረጥ ቆረጥ በሚለው አማርኛዋ ታወራለች። «የሷ እናት? እኛ ጋ ቤተሰብ ነበረች። ትመጣለች፣ ትገባለች፣ አብረን እንበላለን። ዝናብ ሲሆን እኛ ጋ ታድራለች። ድሮ ፍቅር ነበረ። አሁን ነው ሰው የተበላሸው።» ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ፤ በላይነሽም የማታውቃት ልጅ አግኝታ ደግ ሆነችላት። 

«ውሸቷን ነው። ቁረጪው።»

«ሊሆን ይችላል አክስቴ። ግን እሷም የራሷ ትዝታ አላት። እኔ ዳኛ አይደለሁም። የሁለታችሁንም ጎን ለጎን አስቀምጠዋለሁ።»

«ጎን ለጎን አይቀመጥም። መሀላችን በር አለ፤ ዘግታዋለች።»

«እኮ! ፊልሙ የሚከፍተው እሱን ነው።» ወደ እኔ ተጠጋች። «መጨረሻው እንዲህ ይሁን፦ እማማ በላይነሽ እዚህ፣ አንቺ ቤት ትመጣለች። አብራችሁ ትበላላችሁ። ሰው በቂም የሚያልቅ ፊልም አያይም፤ ተስፋ ይፈልጋል።»

አየኋት። የወንድሜን ግንባር ይዛለች፤ ስትለምን ቅንድቧን እንደ እሱ ታነሳለች። ክፉ ልጅ አይደለችም። ነገሩን ይበልጥ የሚያናድደው ያ ነው፤ ክፉ ብትሆን አባርሬ እገላገላት ነበር።

«መሐላሽስ?» አልኳት።

«እሱማ አለ፤ አንቺ ተናግረሽዋል እኮ፣ ተቀርጿል።»

«አምጫት» አልኩ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ በባጃጅ አመጣቻት። በላይነሽ ከቤተ ክርስቲያን መምጣቷ ነው፤ ነጭ ለብሳለች፣ ከዘራ ይዛለች። ደፌን ምንም ሳይመስላት ረግጣ ገባች፣ ሶፋዬ ላይ ተቀመጠች፣ ግድግዳዬን፣ ቴሌቪዥኔን፣ መጋረጃዬን አየች። «ጌታ ባርኮሻል» አለችኝ። የበቆሎ ቂጣና ጎመን አቀረብኩ፤ ሸፈሮ አፈላሁ፣ የዚያ የቡና ገለባ መጠጥ ሽታ በሁለታችንም ልጅነት ውስጥ አለ። ሊዲያ በየደረታችን ትንንሽ ማይክ ሰካች። በአሪኛ መነጋገር ስንጀምር ከካሜራው ኋላ «በአማርኛ አድርጉት፣ እባካችሁ፣ ለተመልካች» አለች። ሁለት አሪዎች፣ የአሪ ነገር፣ ለሌላ ሰው ጆሮ። እሺ አልን።

«እማማ በላይነሽ፣ መጀመሪያ እርስዎ ያጉርሷት» አለች ሊዲያ በለሆሳስ።

በላይነሽ ቂጣውን ቆረሰች፣ ጎመኑን ጠቀለለችበት፣ ወደ አፌ ዘረጋችው። የምታየው እኔን አልነበረም፤ ካሜራውን ነው። አፌን አልከፈትኩም። እጇ አየር ላይ ቀረ።

«እማማ» አልኳት፣ «እናቴ እርስዎ ቤት ትገባ ነበር ብለዋል።»

«ትገባ ነበረ።»

«አብራችሁም ትበሉ ነበር።»

«እንበላ ነበረ እንጂ! ቤተሰብ አይደል?»

«ስሟ ማን ነበር?»

ጉርሻው ጣቷ ላይ መፈራረስ ጀመረ። ወደ ሊዲያ አየች፣ ወደ ሳህኑ አየች፣ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። «ስሟ... እኛ እኮ ማናዋ ነው የምንላት። ማናዋ መጣች እንላለን። የዚያን ጊዜ ሁሉም እንደዚያ ነበር፣ ልጄ።»

ከካሜራው ኋላ ሊዲያ ልትረዳት ፈልጋ አንሾካሾከች፤ «አስካለ።»

«አዎ! አስካለ!» አለች በላይነሽ፣ ፊቷ በራ። «አስካለ ነበረች። አስካለዬ!»

ሳቅኩ። ጥሩ ሳቅ አልነበረም። «አስካለን ከየት ያውቋታል? አስካለ ያላት ቀበሌ መዝገብ ላይ የጻፋት ልጅ ነው። ከሰሜን ተመድቦ የመጣ ነበር፤ ስሟን ደጋግማ ብትነግረው 'ይሄ አይጻፍም' አለና የገዛ እናቱን ስም ሰጣት። ቤታችን ውስጥ አንድም ቀን አስካለ ተብላ አልተጠራችም።»

በላይነሽ ጉርሻውን ወደ ሳህኑ መለሰችው። እጇን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ አማርኛውን ትታ በአሪኛ፣ ቀስ ብላ፣ «አሮጊት ነኝ፤ ከእኔ ምን ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ። ከገባች የተናገረችው እውነተኛ ነገር እሱ ብቻ ነበር። ምንም አልፈልግም አልኳት፣ እኔም በአሪኛ። ከእሷ የምፈልገውን አግኝቼ ጨርሼ ነበር።

ሊዲያ ከካሜራው ጎን ብቅ አለች። ዐይኖቿ እንባ ሞልተዋል። ከአባቷ ወረቀት ላይ ባገኘችው ስም ያን ሁሉ ወር አያቴ አስካለ፣ አያቴ አስካለ እያለች ድምፅዋን ስትቀርጽ የከረመች ልጅ ናት።

«አክስቴ» አለች፣ «ታዲያ ስሟ ማን ነበር?»

ትንሿ ቀይ መብራት ትበራለች። ወደ መብራቷ በአገጬ አመለከትኩ።

«አጥፊውና ልንገርሽ።»

እጇ ወደ ካሜራው ሄደ። እዚያ ደርሶ ቆመ። እናቴን የምታስብ መስሎኝ ነበር፤ ዐይኗን ሳይ ግን የምታስበው ፊልሙ እዚህ ላይ ሲያልቅ ምን ያህል እንደሚያምር ነው።

«እባክሽ» አለችኝ፣ «እንዲሁ እንዳለ ንገሪኝ።»

አላጠፋችውም። እኔም አልነገርኳትም።